ሴሎቼ አንድ አካል መሆን አልቻሉም፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጅማ ሆኜ ማታ ማታ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሰው ሠራሽ የሕይወት ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሕይወትን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም፣ እየሠራሁ ነው። ነጠላ ሴሎቹ ጥሩ ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይከፈላሉ። የተቸገርኩት ባለብዙ ሴል ፍጥረታት ላይ ነው። ከተከፈሉ በኋላ ተጣብቀው እንዲቀሩ አደረግኩ። መሃል ያሉት ግን ምግብ አይደርሳቸውምና ይሞታሉ። ጎረቤት ለጎረቤት እንዲያካፍል ሳደርግ ደግሞ፣ ሳይሠሩ የሚበሉ ሴሎች በዝተው አካሉን ያፈርሱታል። በጣም አደከመኝ!

ቮልቮክስ ካርቴሪ የተባለው አልጌ 2000 ገደማ የሰውነት ሴሎችና ጥቂት የመራቢያ ሴሎች አሉት። እኔም የምመኘው እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል ነው። እያንዳንዱ አካል ከአንድ ሴል ቢጀምር፣ ሁሉም ተመሳሳይ ጂን ስለሚይዙ ሰነፎቹ የሚቀንሱ ይመስለኛል። ግን ሴሉ ሥራውን በምን ይለይ? ባለበት ቦታ ወይስ ከጎረቤቱ በሚደርሰው ኬሚካል? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከየትኛው ልጀምር?