«ብረት ሦስት ኦክሳይድ» ሲባል ሦስቱ የምን ነው?

ጥያቄ፦ ተማሪዎች «ብረት ሦስት ኦክሳይድ» የሚለውን ስም ሲያዩ ቀመሩን በሦስት ብረት ይጽፉታል። በስሙ ውስጥ ያለው ሦስት ምን ለማለት የገባ ነው? «ፌረስ» እና «ፌሪክ» የሚሉት ቃላትስ ከዚሁ ጋር ይዛመዳሉ?

መልስ፦ ሦስቱ ብዛት አይቆጥርም። ብረቱ የተሸከመውን አዎንታዊ ሙል፣ በተለምዶ ቻርጅ የምንለውን፣ ነው የሚናገረው። ኦክስጅን ደግሞ ሁለት አሉታዊ ሙል አለው። ውህዱ ሙል አልባ መሆን ስላለበት ሦስትና ሁለት ስድስት ላይ ይገናኛሉ፤ ስድስቱ አዎንታዊ ከሁለት ብረት፣ ስድስቱ አሉታዊ ከሦስት ኦክስጅን ይመጣል። ቀመሩም ሁለት ብረት፣ ሦስት ኦክስጅን ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ በስሙ ከብረት አጠገብ የቆመው 3 በቀመሩ ኦክስጅን ሥር ተገኘ! «ብረት ሁለት ኦክሳይድ» ላይማ ሙሎቹ እኩል ስለሆኑ አንድ ለአንድ ይጣመራሉ፤ 2 ከቀመሩ ጨርሶ ይጠፋል።

«ፌረስ» እና «ፌሪክ» ብረት ከሚባልበት የላቲን ቃል ከ«ፌሩም» የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ዝቅተኛውን ሙል፣ ሁለተኛው ከፍተኛውን ያመለክታል። ለደም ማነስ የሚታዘዘው ፌረስ ሰልፌት ሁለት ሙል ያለው ብረት ነው። ችግሩ ቅጥያዎቹ ቁጥሩን አለመንገራቸው ነው፤ «ፌሪክ» ሦስት ሲሆን «ኩፕሪክ» የተባለው መዳብ ግን ሁለት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ እ.ኤ.አ. በ1919 የሙልን መጠን በቁጥር መግለጽን ያቀረበው እንዲህ ያለው አጠራር ስላላጠገበው ነው። ሶዲየም ምንጊዜም አንድ ሙል ስላለው ቁጥር አያሻውም፤ ዚንክም ሁልጊዜ ሁለት ስለሆነ ያለ ቁጥር ይጠራል።

ሌላ አስተያየት፦ አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ባለ»። «ባለ ሦስት ፎቅ ቤት» ሲባል ሦስት ቤት ብሎ የሚሰማ የለም። እንግዲያው «ባለ ሦስት ሙል ብረት ኦክሳይድ» ብለን ብናነብ ተማሪው ቁጥሩ የብረቱ ጠባይ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። እኔ በበኩሌ መምህራን ይህን ቢለምዱት እጅግ ደስ ይለኛል።

ሌላ አስተያየት፦ በጽሑፍ ደግሞ ሙሉን የሚያመለክተው የሮማ ቁጥር (III) በሚገባበት ቦታ የግእዝ ቁጥር እናስገባ፤ «ብረት (፫) ኦክሳይድ»። ሙል በ፫፣ ብዛት በ3 ከተጻፈ ዓይንም አይሳሳት። «መዳብ (፩) ኦክሳይድ» ቀዩ፣ «መዳብ (፪) ኦክሳይድ» ጥቁሩ ዱቄት ነው። «ብረት» የሚለው ቃል እንዳያምታታም፣ እንደ መዳብና ዚንክ ያሉትን ሁሉ በጥቅሉ (ሜታል የሚባሉትን) «ብረታ ብረት»፣ ዝገት የሚያወጣውን ብቻ «ብረት» ማለት ይጠቅማል።

ጠያቂው፦ እንግዲህ በባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት «ማንጋኒዝ (፬) ኦክሳይድ» ቀመሩ አንድ ማንጋኒዝና ሁለት ኦክስጅን ሊሆን ነው?

መልስ፦ አዎ። አራቱን አዎንታዊ ሙል ለማመጣጠን ሁለት ኦክስጅን ይበቃል። ሁለት ማንጋኒዝና አራት ኦክስጅን ብለው የሚጽፉም አሉ፤ እሱ ወደ ትንሹ ሙሉ ቁጥር መውረድ አለበት።