ካሸሮቻችን ቤቲንግ ይዟቸዋል፤ ድርጅቱ ምን ያድርግ?

የሰው ኃይል 85
ሰላም ለሁላችሁ። 85 ሠራተኛ ያለው አከፋፋይ ድርጅት ነው፤ 6 ካሸርና 14 ሴልስ አሉት። ደመወዝ በገባ በሳምንቱ አድቫንስ የሚጠይቅ በዝቷል። የሁለት ካሸሮች ካዝና ጎድሎ ተገኘ፤ ሁለቱም በቤቲንግ እንደሆነ አምነዋል። ሥራ አስኪያጁ «ቤቲንግ የተጫወተ ይባረራል» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ ይላሉ። ያስኬዳል? ጉድለቱስ እንዴት ይቆረጥ?

አንቀጽ 27
ማስታወቂያው ይቅርባችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱት ምክንያቶች ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ መወራረድ የለም። ያሉት ድርጊቶች ናቸው፦ የድርጅት ገንዘብ መውሰድ፣ ማታለል፣ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን መቅረት። ደንባችሁም ድርጊቱን ይጥቀስ፤ በሥራ ሰዓት መጫወት፣ ከበታች ሠራተኛ መበደር፣ የድርጅትን ገንዘብ በግል ሂሳብ መያዝ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው። ምክንያቱን ካወቃችሁ 30 የሥራ ቀን ካለፈ የማሰናበት መብታችሁ ይቀራል። «እስቲ ይታከምና እናያለን» ብላችሁ ሁለት ወር ከቆያችሁ በኋላ ብታሰናብቱ ፍርድ ቤት ይፈረድባችኋል። በቀናቱ ውስጥ ወስኑ።

ቅነሳው በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይለፍ፤ ከ12,000 ብር ቢበዛ 4,000። የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነትም ይኑር።

ካዝና ቆጣሪ
የገንዘቡን መንገድ ሳትቀይሩ ሰውየውን ብትመክሩ ድካም ነው። ሴልሶቹ የደንበኛ ክፍያ በግል ቴሌብራቸው የሚቀበሉ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁሙ። ሒሳብ እስኪያስገቡ ገንዘቡ የሚያድረው የቤቲንግ ትኬት ከሚቆርጡበት ስልክ ላይ ነው፤ «ነገ እመልሰዋለሁ» የሚጀምረው እዚያ ነው። ደንበኛው በድርጅቱ የነጋዴ ኮድ በቀጥታ ይክፈል።

ድንገተኛ ቆጠራ ስታደርጉ ስድስቱንም ካዝና በአንድ ሰዓት ቁጠሩ። ተራ በተራ ከቆጠራችሁ ከተቆጠረው ካዝና ላልተቆጠረው ያበድራሉ፤ ሁሉም ሙሉ ይወጣል። ካሸሮቹ ዓመት ፈቃድም ሳይከፋፍሉ በተከታታይ ቀናት ይውጡ። ፈቃድ አልፈልግም የሚል ካሸር ትጉህ መስሏችሁ አትሸልሙት፤ ሌላ ሰው ቦታው ላይ ሲቀመጥ ጉድለቱ እንዳይወጣ ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

የቢሮ ዋይፋይ ላይ ድረ ገጾቹን መዝጋት ብዙ አይረዳም፤ ሁሉም የራሱ ዳታ አለው።

ሲስተር
የቁማር ሱስ ሕመም መሆኑም አይረሳ፤ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከሱሶች ጋር ተመድቧል። ለመነሻ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ የምታስይዘውን ብር እየጨመርክ መሄድ አስፈልጎህ ያውቃል? ስንት እንደምትጫወት ለቅርብ ሰዎችህ ዋሽተህ ታውቃለህ? አንዱን እንኳ «አዎ» ካለ ወደ ባለሙያ ይሂድ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሕክምናው በአብዛኛው ተመላልሶ የሚደረግ የንግግር ሕክምና ስለሆነ የሚያስፈልገው ረጅም እረፍት ሳይሆን የተወሰነ ሰዓት ፈቃድ ነው።

ዕዳውን በአንዴ አትክፈሉለት። ነፃ የወጣ ኪስ የጠፋውን ለማስመለስ እንደገና ያስይዛል።

አንድ ነገር አደራ፦ ጉድለት የተገኘበትን ሰው አሳፍራችሁ ብቻውን ወደ ቤት አትስደዱት። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ካሰበ የዚያኑ ቀን ሰው ይዞት ሆስፒታል ይሂድ።

የሰው ኃይል 85
እናመሰግናለን። የአንደኛው ባለቤት ደመወዙን ለእኔ ስጡኝ ብላ መጥታለች።

አንቀጽ 27
ያለ እሱ ውክልና አትስጧት፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው ነው። ከተስማማ ግን በጽሑፍ ይጠይቅና ለሁለት ክፈሉት፦ የቤት ኪራይና አስቤዛው በእሷ ሂሳብ፣ ቀሪው በእሱ። ስምምነቱን ሲፈልግ መሰረዝ እንደሚችልም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ካዝና ቆጣሪ
እሱ እስኪያገግም ካዝናውን ለሌላ አስረክቡ፤ ደመወዙ ሳይነካ ስቶክ ቆጠራ ላይ መድቡት። የዕቁብ ሰብሳቢም ከሆነ አባላቱ ሌላ ይምረጡ።