የሚጥሚጣ ሴል ካልቸር፦ ስፖንጅና ሬዚን እየታጠቡ ይሠራሉ?

ላብ አዘዞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ የሚጥሚጣ ሴል በፈሳሽ ሚዲያ (ሴሉ በሚመገበው ፈሳሽ) እያሳደግን ነው፤ የምንፈልገው ካፕሳይሲን፣ ማለትም የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። ካለሱ (ቅርጽ ያልያዘው የሴል ጓል) ከችግኝ ግንድ የወጣ ነው፣ ኤምኤስ በሚባለው የተለመደ የተክል ሴል ሚዲያ ደህና ያድጋል፦ በሊትር ስኳር 30 ግራም፣ ቱ-ፎር-ዲ 1 ሚሊግራም፣ ካይኔቲን 0.1 ሚሊግራም (ሁለቱም የዕድገት ሆርሞን ናቸው)፣ ፒኤች 5.8። 250 ሚሊ ፍላስክ ውስጥ 50 ሚሊ ሚዲያ፣ ሼከሩ (ፍላስኩን የሚያወዛውዘው መሣሪያ) በደቂቃ 110 ዙር፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። አሁን ሴሉን ስፖንጅ ውስጥ አስገብተን ሚዲያውን ብቻ እየቀየርን፣ ወደ ሚዲያው የሚወጣውን ደግሞ በሬዚን (ንጥረ ነገርን ከፈሳሽ በሚይዙ ጥቃቅን ፍሬዎች) ልንሰበስብ አስበናል። ዕቃው እንደ ልብ ስለማይገኝ ሁሉም እየታጠበ ተመልሶ መግባት አለበት። ከቅዳሜ ገበያ የምናገኘው የፍራሽ ስፖንጅ ይሆናል? ሬዚኑስ መቼ ይግባ? ሌላው፣ አንዳንዱ ፍላስክ በሦስተኛው ቀን ይደፈርሳል። የምናመክነው በፕሬዠር ኩከር በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ20 ደቂቃ ነው።

ቀይ ሥር፦
የፍራሹን ተዉት። በቀዳዳዎቹ መካከል ስስ ሽፋን ስላለ ሴሉ ላዩ ላይ ይለጠፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የሚፈለገው ሽፋኑ የተወገደለት፣ በአፍ ሲነፉት አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ለውሃ ማጣሪያ የሚሠራ ስፖንጅ ነው። ስትገዙ ከተቻለ ፖሊኢተር ከሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ፖሊኤስተሩ በእንፋሎት ቶሎ ይበሰብሳል።

በ1 ሴንቲሜትር ኩብ ቆራርጣችሁ በተጣራ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍሉት፣ በየመሃሉ ጭመቁት። ለ50 ሚሊ ሚዲያ 10 ያህል ኩብ በቂ ነው። ሴሉን ከማስገባታችሁ በፊት በመከነ ወንፊት አሳልፉት፤ ከስፖንጁ ቀዳዳ የተለቀ ጓል ውጭ ይቀራል፣ ከዚያም እየተፈረፈረ ሚዲያውን ያቆሽሻል። ከ10 እስከ 14 ቀን ሼከር ላይ ሲቆይ ኩቡ ይከብዳል፣ ፈሳሹም ይጠራል። ያኔ ቱ-ፎር-ዲ ወደሌለው የምርት ሚዲያ አዙሩት።

በሚጥሚጣ ሴል ላይ ይህ ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተሞከረ ነው፤ ስፖንጅ ውስጥ ያለው ሴል ፈሳሹ ውስጥ ከሚንሳፈፈው የበለጠ ካፕሳይሲን ሰጥቷል። ሴሉ በፍጥነት ሲያድግ የካፕሳይሲን መሥሪያ የሆነውን ፌኒልአላኒን ለፕሮቲን ይጨርሰዋል፤ ዕድገቱ ሲገታ ለካፕሳይሲን ይተርፋል። ስለዚህ በምርት ጊዜ ሴሉ ስላላደገ አትደንግጡ።

ለማጠብ፦ ጨምቁት፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁት፣ እንደገና አፍሉት። አዳሩን በረኪና ውስጥ ከተዋችሁት ስፖንጁን ራሱን ይበላዋል። ሲጨመቅ ተመልሶ ካልተነፋ ወይም ጣት ላይ ዱቄት ከተወ ጣሉት።

ማጣሪያ፦
ሬዚኑን መጀመሪያ ላይ እንዳታስገቡ። እንደ ኤክስኤዲ-4 ያለው የሬዚን ዓይነት ውሃ የማይወደውን ሁሉ ስለሚይዝ ቱ-ፎር-ዲውንም ከሚዲያው ይሰበስበዋል፤ ሴሉ ሆርሞን አጥቶ ይቆማል፣ ጥፋቱ ግን በሴሉ ይላከካል። ወደ ምርት ሚዲያ ስትዞሩ ከ1 እስከ 2 ግራም እርጥብ ሬዚን በናይለን ከረጢት አድርጋችሁ አስገቡ። የጨርቁ ቀዳዳ ከሩብ ሚሊሜትር ያንሳል፤ አለበለዚያ ፍሬዎቹ እየሾለኩ ስፖንጁ ውስጥ ይሰገሰጋሉ፣ ከዚያ ወዲያ ለቅሞ ማውጣት ዘበት ነው።

ከረጢቱን አውጥታችሁ በመከነ ውሃ ካለቀለቃችሁ በኋላ በ10 ሚሊ የ96 በመቶ አልኮል ለአንድ ሰዓት አወዛውዙ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አልኮሉን ሰብስቡ። ሜታኖልም ይሠራል፣ ግን መርዝ ነው፤ ካፕሳይሲንን አልኮል ካወጣው ምን አስፈለገ? ከዚያ አልኮሉ ቀለም እስኪያጣ እጠቡት፣ በሬዚኑ መጠን አሥር እጥፍ ውሃ አሳልፉበት፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ አምክኑት። አልኮል የቀረበት ሬዚን ወደ ድስቱ አይገባም፤ እሳት ነው። ከደረቀ ደግሞ ውሃ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለማይገባ መጀመሪያ በአልኮል አርጥቡት።

ለስንት ዙር እንደሚያገለግል በቁጥር አትወስኑ። መጠኑ የታወቀ ካፕሳይሲን አሟሙታችሁ የታጠበውንና አዲሱን ሬዚን ጎን ለጎን ሞክሩ፤ የታጠበው ከአዲሱ 80 በመቶ በታች ከያዘ በእኔ ሚዛን ጊዜው አልፏል።

እንፋሎት፦
የሚደፈርሰው ባክቴሪያ ነው፣ መነሻውም ከፍታው ይመስለኛል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የውጩ አየር ግፊት 78 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ድስቱ የሚያሳየው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ 15 ፒኤስአይ እዚህ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 121 አይደለም። 121 ለመድረስ 18 ተኩል ፒኤስአይ ያህል ያስፈልጋል። የእናንተው ክብደቱ ለ15 ብቻ የተሠራ ከሆነ ሰዓቱን አርዝሙት፤ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚፈልገው እዚህ ወደ 40 ደቂቃ ይሄዳል። ክብደቱ ላይ ሌላ ነገር መጫን ክልክል ነው! ክዳኑን ከማፈናችሁ በፊትም እንፋሎቱ ለ10 ደቂቃ አየሩን ገፍቶ ያስወጣ።

ስፖንጁ ሌላ ችግር አለው። ደረቁን ካስገባችሁት ውስጡ የታፈነው አየር እንፋሎቱን ይከለክለዋል። ሚዲያው ውስጥ ነክራችሁ አረፋው እስኪያልቅ ከጨመቃችሁ በኋላ አብራችሁ አምክኑ። በረጅሙ ሰዓት ስኳሩ ትንሽ ቢጠቁር አይገርምም፤ ፒኤቹን ግን ከማምከን በኋላ ከአንዱ ፍላስክ ቀድታችሁ እዩት።

ጥያቄ አለኝ፦
ለልምምድ ከሆነ ጥሩ። ለገበያ ከሆነ ግን የሚጥሚጣ ፍሬው እያለ በፍላስክ ካፕሳይሲን ማምረት አያዋጣም። ጃፓኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ሺኮኒን የተባለውን ቀይ ቀለም ከሴል ወደ ገበያ ያወጡት ተክሉ ሥሩን ለማድረስ ዓመታት ስለሚፈጅና ቀለሙ ውድ ስለሆነ ነው። የካንሰር መድኃኒቱ ፓክሊታክሴልም እንዲሁ፤ ዛፉ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ከቅርፊቱ የሚገኘውም እጅግ ጥቂት ነው።

ላብ አዘዞ፦
ለገበያ አይደለም፤ ዘዴውን ለምደን በሌላ ተክል ልንቀጥል ነው። መብራት ሲጠፋና ሼከሩ ሲቆምስ?

ቀይ ሥር፦
ሚዲያውን ከ50 ወደ 30 ሚሊ አውርዱት፣ የኩቡ ጫፍ ከፈሳሹ በላይ ይውጣ። ሼከሩ በቆመ ቁጥር በየግማሽ ሰዓቱ በእጅ አወዛውዙ። ሰዓቱ ከረዘመ፣ ሚዲያው ቡናማ መሆን ሲጀምር ሳትዘገዩ ቀይሩት፤ ሬዚኑን ግን አትጣሉት፣ የወጣው ካፕሳይሲን እዚያው ላይ ነው።