10 ዋት ሌዘርና የእንጨት መክተፊያ፦ ትዕዛዝ አለ ብር የለም፣ ሲኦቱ ሌዘር ልግዛ ወይስ?

ማሂ_ክራፍት፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ሆኜ በ10 ዋት ዳዮድ ሌዘር መክተፊያ ላይ ስም፣ የሰርግ ቀን፣ የመስሪያ ቤት ሎጎ ምናምን እየጻፍኩ በቴሌግራምና በቲክቶክ እሸጣለሁ። ገበያው አይከፋም፣ ከጥር ሰርግ በፊትና ሰኔ ሐምሌ የምርቃት ሰሞን ስልኬ አያርፍም፣ ግን ወሩ አልቆ ስደምረው የሚተርፈኝ ያናድዳል። 20 በ30 የሆነውን 1,200 ብር ነው የምሸጠው፣ ጣውላውን ከእንጨት ስራ ቤት ተቆርጦና ተልጎ በ450 እወስደዋለሁ፣ ዴሊቨሪ ደንበኛው ነው የሚከፍለው። ዋንዛ ነው ይሉኛል፣ አንዳንዱ ግን ግራቪሊያ ይመስለኛል፣ ስጠይቃቸው ይምላሉ ሃሃ።

ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ ሎጎ ሲመጣ ሌዘሩ ይገድለኛል፣ 10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ የምትሆን ሎጎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትወስዳለች፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ በቃ ጣውላው ተበላሸ ማለት ነው። ሁለተኛ ደንበኛ ከወሰደ በኋላ "ተንጋደደ፣ ጠረጴዛ ላይ ይወዛወዛል" ወይ ደግሞ "ጽሑፉ ደበዘዘ" ብሎ ፎቶ ይልክልኛል። አሁን እቁብ ደርሶኛል፣ አንድ ልጅ ደግሞ ያገለገለ ባለ 60 ዋት ሲኦቱ (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሰራ ሌዘር) ማሽን እየሸጠ ነው። ልግዛው? ስራውን የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ፣ "በርቺ እህቴ" ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ።

ቶፊ_ማስታወቂያ፦
እህቴ በመጀመሪያ እቁቡን አትንኪው። እኔ ሲኦቱ አለኝ፣ የማስታወቂያ ስራ ነው የምሰራው፣ ለኔ ግዴታ ነው ምክንያቱም አክሪሊክ ነው የምቆርጠው፣ ያንቺ ዳዮድ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ ጥርት ያለውን አክሪሊክ አልፎት ይሄዳል እንጂ አይቆርጠውም። ወደ አክሪሊክ መግባት ካሰብሽ ሌላ ወሬ ነው። ለመክተፊያ ግን መኖሪያ ቤት ውስጥ ሲኦቱ ማስገባት ማለት ውሃ ማቀዝቀዣ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ መስታወት ማስተካከል፣ ከዛ ደግሞ ያ የብርጭቆ ቲዩብ የሆነ ቀን ያልቃል፣ አዲሱን አስመጥተሽ በመንገድ ሳይሰበር ከደረሰ እሰየው ነው።

አሁን ሰዓቱን እንስራው። 10 በ10 ሴንቲ ሙሉውን ስትሞይ በመስመርና በመስመር መሃል 0.1 ሚሊ ከሆነ 1,000 መስመር ነው፣ እያንዳንዱ 100 ሚሊ፣ በድምሩ ጭንቅላቱ 100,000 ሚሊ ይሄዳል። ፍጥነቱ በደቂቃ 3,000 ከሆነ 33 ደቂቃ፣ ዳር ላይ የሚታጠፍበትን ሳልቆጥር። በ6,000 አድርጊው ፓወሩን ጨምሪ፣ 17 ሆነ። መስመሩን ወደ 0.15 አራርቂው ደግሞ መስመሩ ወደ 667 ይወርዳል፣ እንጨት ላይ ልዩነቱን ማንም አያይልሽም፣ ወረቀት አይደለም እኮ። ከዛ ዋናው ነገር ዲዛይኑ ነው። ሎጎውን ሞልቶ ከማቃጠል ጠርዙን ብቻ በመስመር ብታስኬጂው ሁለት ሶስት ደቂቃ ነው። የድሮ ብራና ላይ ያለውን የሐረግ ጌጥ ዙሪያውን በመስመር ሞክሪ፣ ሰው ይወደዋል፣ ሌዘሩም አይደክምም።

መብራቱን በተመለከተ ዳዮድ ብዙ ስለማይበላ አንድ የኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ከነላፕቶፑ ትንሽ ጊዜ ይይዝልሻል፣ አጭር ስራ ከሆነ ያስጨርስሻል፣ የሲኦቱን ማሽን ከነማቀዝቀዣውና ከነማራገቢያው ግን በዛ ዩፒኤስ አታስቢው። ሌላ ደግሞ ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን አረንጓዴ መነጽር አትመኚው፣ 450 ናኖሜትር (የሰማያዊው ብርሃን ልክ) የሚል የተጻፈበት ግዢ፣ ልጆች ካሉ ደግሞ መሸፈኛ ሳጥን የግድ ነው፣ ማሽኑ እየሰራም ጥለሽው ቡና እንዳታፈዪ።

እና ዋጋ! የስም ስራና የሎጎ ስራ እንዴት እኩል 1,200 ይሆናል? መነሻ ዋጋ አድርጊ፣ ከዛ በላይ ማሽኑ ላይ የምትቆየውን በደቂቃ አስከፍዪ። ላይትበርን (የሌዘሩ ፕሮግራም) ፕሪቪው ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይነግርሽ የለ።

ጋሼ_መላጊያ፦
ልጄ ሌዘሩን ለጊዜው ተዪውና ስለ እንጨቱ እናውራ። የሚንጋደደው በዋናነት ስላልደረቀ ነው። ጣውላ ቤት "ደርቋል" የሚሉሽ ከላይ ደርቆ ነው፣ ውስጡ ውሃ አለ፣ ወፍራም ጣውላ በጥላ ሲደርቅ በአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የእርጥበት መለኪያ ከሌለሽ የኩሽና ሚዛን ይበቃሻል። እንደገዛሽው መዝኚና ክብደቱን በእርሳስ ጀርባው ላይ ጻፊ፣ ግድግዳ አስደግፈሽ አየር ከሁለቱም ወገን እንዲያገኘው አድርጊ፣ በየጥቂት ቀኑ መዝኚው። እየቀነሰ ከሄደ አልደረቀም፣ መቀነሱን ሲያቆም ያን ጊዜ ስሪበት። አንዱን በአንዱ ላይ ደርበሽ መሬት ላይ እንዳታስተኚው።

ደግሞ 20 ሴንቲ ወርድ ያለው አንድ ወጥ ጣውላ ቢደርቅም ሊታጠፍ ይችላል። ለአናጺው እንዲህ በዪው፦ በአራት በአምስት ሴንቲ ሰንጥቀው፣ አንዱን አዎ አንዱን አይ እያልክ ገልብጠውና ውሃ በማይፈታው ኮላ አጣብቀው። ትንሽ ይጨምርብሻል፣ ግን የሚመለስ ዕቃ አይኖርሽም። ቁርጥራጭም ያስጠቅምሻል፣ የቤት ዕቃ የሚሰሩ ሰዎች ጋ የተረፈ ጠባብ ጠባብ ጣውላ ሞልቷል፣ ለማገዶ ነው የሚሸጡት።

ዋንዛና ግራቪሊያን ለመለየት ደግሞ ፊቱን ወደ ብርሃን አዘንብለሽ እይው፣ ግራቪሊያ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ብልጭልጭ ነጠብጣብ አለው፣ ዋንዛ የለውም፣ ቡናማ ነው፣ ቀለል ያለ ነው፣ ሙቀጫና ከበሮ የሚሰራበት እሱ ነው። ግራቪሊያም መጥፎ አይደለም፣ በስሙ ሽጪው እንጂ። ጽድ ለመክተፊያ አይሆንም፣ ሽታው ምግብ ውስጥ ይገባል። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ተዪው። ወይራ ካገኘሽ ውበቱ ሌላ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን እስኪደርቅ ዕድሜ ይፈልጋል፣ ሲደርቅም ጫፉ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ጫፍ ጫፉን ሰም ቀቢው። ዋንዛ ስትገዢ ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠይቂ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግስት ደን መቁረጥ ክልክል ከሆነ ቆይቷል፣ ገበሬ ማሳው ውስጥ የተከለው ሌላ ነገር ነው።

አቡሽ_ኮተቤ፦
ዘይቱንስ ምን ትቀቢዋለሽ? እኔ እናቴ ምጣድ የምታሟሽበት ጎመን ዘር አለ፣ ወይ ኑግ ዘይት፣ ርካሽ ነው ሀገር በቀል ነው፣ ለምን በውጭ ዘይት ትጨነቃላችሁ።

የዲሲ_ልጅ፦
አቡሽ ወንድሜ ጎመን ዘር ምጣድ ላይ የሚሰራው እሳቱ ስለሚጋግረው ነው። መክተፊያ ቀዝቃዛ ነው፣ ኑጉም ጎመን ዘሩም እላዩ ላይ ይቀመጥና መጀመሪያ ይጣበቃል ከዛ ይሸታል፣ ያንን ሽታ ደግሞ ሽንኩርትም አይሸፍነው። ቀለም ቤት የሚሸጠው "የተፈላ" የተልባ ዘይትም ለምግብ ዕቃ አይሆንም፣ ቶሎ እንዲደርቅ ኬሚካል የተጨመረበት አለ።

ማሂ ፋርማሲ ሂጂና ሊኩዊድ ፓራፊን በይ፣ ያው ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው ማለት ነው፣ እዚህ አሜሪካ ለመክተፊያ በሚያምር ጠርሙስ የሚሸጡት ሚኒራል ኦይል ያው እሱ ነው። አይበላሽም፣ አይሸትም። እሱን አራት እጅ፣ ንጹህ ሰም አንድ እጅ፣ ውሃ የፈላበት ድስት ላይ ሌላ ዕቃ አስቀምጠሽ ቀስ ብለሽ አቅልጪው (እሳት ላይ በቀጥታ እንዳታደርጊ ይነድዳል)። ሰም ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ የሚቸገር ሰው የለም፣ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ጋ አለ፣ አጣሪው እንጂ። ሁለቱንም ፊት እኩል ቀቢ፣ አንዱን ብቻ ከቀባሽው ጋሼ ያሉት መንጋደድ በሌላ መንገድ ይመጣብሻል።

ጽሑፉ የሚደበዝዘው ደግሞ ሲመስለኝ ቀለም መስሎ የሚታይሽ ጥላሸት ስለሆነ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፣ በ120 ከዛ በ180 ብርጭቆ ወረቀት ካሻሽ በኋላ ውሃ ነካ አድርጊው፣ የእንጨቱ ጸጉር ይቆማል፣ ሲደርቅ በ220 ጨርሺው፣ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈሽ ጻፊ፣ ፕላስተሩን ካነሳሽ በኋላ በጥርስ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ጥላሸቱን በሙሉ አውጪው፣ ከዛ ነው ዘይት። ዘይት ቀብተሽ አትጻፊ። ሌዘሩ የሚያቃጥለው ቦታ ላይ የሚነፋ አየር መንፊያም ብትገጥሚለት ጥሩ ነው። ከጥላሸቱ በኋላ የቀረው ፈዛዛ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ ደንበኛ ቤት ሄዶ ከሚደበዝዝ እጅሽ ላይ ይታይ።

ያም ሆኖ እኛ ሀበሾች መክተፊያ እንዴት እንደምናጥብ ታውቂያለሽ፣ በረኪና፣ ሽቦ፣ ከዛ ፀሐይ ላይ ማስጣት። በአማርኛ የተጻፈች ትንሽ ካርድ አብረሽ ላኪ፦ አይዘፈዘፍ፣ በረኪና አይንካው፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ጽሑፉ ያለበት ፊት ለማሳያ ነው መክተፊያው ጀርባው ነው። የተቦረቦረው ፊደል ውስጥ ጥሬ ስጋ እንዲገባ አትፈልጊም።

ስለ ገበያ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ እዚህ ሜፕልና ዋልነት ተዘጋጅቶ የመጣ ገዝቼ ነው የምጽፈው፣ ኤትሲ (የእጅ ስራ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ) ከሽያጩ 6.5 ፐርሰንት ይወስዳል፣ ዕቃውን ስታወጪ 20 የአሜሪካ ሳንቲም፣ የክፍያው ደግሞ ለብቻ ነው፣ ስም ብቻ የጻፈ ሰው እዛ ላይ ሺ ነው። የኔን ሰው የሚያስቆመው ግን የእናት የእጅ ጽሑፍ ነው። የዶሮ ወጥ አሰራር እናትየዋ ራሷ በእስክርቢቶ ጽፋ ፎቶ ትልካለች፣ ኢንክስኬፕ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጥቁርና ነጭ አድርጌ ወደ መስመር ቀይሬ እጽፈዋለሁ፣ የፊደሏ መንጋደድ እንዳለ ነው የሚወጣው። ባለፈው አንዷ እናት "ሽንኩርት እንደሚበቃው፣ በርበሬ እንደ ዓይንሽ" ብላ ጽፋ ልካለች፣ ልጅቷ እንደዛው ጻፍልኝ አለችኝ፣ እኔ በዛ አሰራር ዶሮ ልሰራ ብል የት እደርሳለሁ። ግን ያንን ማንም በርካሽ አይቀማሽም፣ ለማሽኑም ቀላል ነው ምክንያቱም መስመር ነው እንጂ ሙሌት አይደለም።

ሄሉ_የሰርግ_ካርድ፦
ከካርድ ስራ የምጨምረው፣ ስሙን ደንበኛው ራሱ በቴሌግራም ታይፕ አድርጎ ይላክ፣ አንቺ ኮፒ አድርጊ፣ የመጨረሻውን ዲዛይን ፎቶ ልከሽ "ትክክል ነው" ካላለ ማሽን አታስነሺ። ፀሐይ በየትኛው ጸ እንደሆነ ከሙሽራዋ እናት ጋር ከተከራከርሽ አትረቺም። ግማሽ ቀብድ በቴሌብር ሳይገባም ጣውላ አትንኪ። ፎንት ላይ ደግሞ ቀጫጭን መስመር ያላቸውን ተዪ፣ ትንሽ አድርገሽ ስትጽፊ እግርና ቀለበቱ ተቃጥሎ ይገናኛል፣ ወፈር ያለ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አሪፍ ነው። የድሮ ዩኒኮድ ያልሆነ ፓወር ግዕዝ ፋይል ከላኩልሽ ሌላ ፎንት ላይ ስትከፍቺው ዝብርቅርቅ ስለሚል እንደ ፒዲኤፍ እንዲልኩ ጠይቂ። የአርሰናልና የማንቸስተር አርማ የሚያዝሽም ይበዛል፣ ለአንድ ሰው ስጦታ ብለሽ ብታልፊውም ቲክቶክ ላይ ዘርግተሽ አትሽጪ፣ አርማው የነሱ ንብረት ነው።

ማሂ_ክራፍት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሲኦቱው ቀረ በቃ። ዩፒኤስና ትንሽ የእንጨት ማለስለሻ ማሽን ልግዛበት። ጋሼ አንድ ልጠይቅዎት፣ አጣብቄ ሳሰራ መስመሩ ላይ ኮላው ከታየ ሌዘሩ እኩል ይጽፋል? ደግሞ በረኪና የሚያጥቡትን ደንበኞች ምን ላድርጋቸው፣ ገንዘብ መልሺ ይሉኛል።

ጋሼ_መላጊያ፦
ኮላው እንደ እንጨቱ አይቃጠልም ልጄ፣ ነጭ ሰረዝ ሆኖ ይቀራል። በደንብ ተጨምቆ የተጣበቀ ከሆነ ግን መስመሩ እንደ ክር ስለሚቀጥን አይታይሽም፣ ስለዚህ አናጺው በማሰሪያ ጠበቅ አድርጎ እንዲያሳድረው ንገሪው። ስሙን ደግሞ ከሁለቱ መጋጠሚያ መሃል ባለው ሰፊ ጣውላ ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ ዲዛይን አድርጊ። የገንዘቡን ነገር፣ የተንጋደደውን አንቺ ቀይሪላቸው፣ እሱ የእንጨት ነው። በበረኪና የደበዘዘውን ግን በግማሽ ዋጋ እንደገና እጽፍላችኋለሁ በያቸው።

አቡሽ_ኮተቤ፦
ማሂ ካልገዛሽው የዛን የ60 ዋቱን ልጅ አድራሻ በውስጥ ላኪልኝ እስቲ።

ቶፊ_ማስታወቂያ፦
አቡሽ አይተህ ግዛ፣ ቲዩቡ መቼ እንደተቀየረ ጠይቀው፣ ውሃው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ካለ ተወው። አብርቶ በሙሉ ፓወር ጣውላ ላይ ሲጽፍ ካላየህ ቀብድም እንዳትሰጥ።