ሽሮውን አስፈጪ፣ እንጀራውን ግዢ፦ ለአዲስ አበባ ማዕድ ቤት ጥቆማ

አንዲት እህት ጠይቃኛለች። ከሥራ የምትገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። እናቷ ግፊት አለባቸው። የውጭ ምግብ ሰልችቷቸዋል፣ ኪሳቸውም አልቻለውም። «ምኑን ከየት ልግዛ? ምኑንስ ራሴ ልሥራ?» ነው ጥያቄዋ። ሌሎቻችሁም በየጊዜው ስለምታነሱት እዚሁ ልመልስ። ዋጋ ግን አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ እስከ እሁድ ገበያ አይቆይም።

ከዘይት ልጀምር። አምና ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት እንቁላል ልጠብስ ጀሪካኑን ባዘነብለው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። እንደ ሞራ ረግቷል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ባይዘጋ ኖሮ ቁርስ ሳይበሉ ይሄዱ ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አቀለጥኩት። የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይመከረው ዓይነት ቅባት ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ያ ቅባት ከመቶ 10 እና 11 ቢሆን ነው። ስለዚህ ብር የምታወጪበት ቦታ ይሄ ነው፤ ሱፍ ግዢ። የኑግ ዘይትም ጥሩ ነው፣ እኔ ለጎመን እወደዋለሁ። ሽታው ግን ያላደገበትን ሰው ይከብደዋል። ስምና ቀን ያልተጻፈበት ላስቲክ ውስጥ ያለውን አልገዛም።

ውድ ነው ካልሽ መጠኑን ቀንሺ። እናቶቻችን ሽንኩርቱን በደረቁ ነበር የሚያቁላሉት። ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ፣ ሽንኩርቱ ከተልፈሰፈሰ በኋላ ዘይት። እኛ ነን ገና ድስቱ ሳይሞቅ የምናንቆረቁረው። ለ4 ሰው ወጥ ግማሽ የቡና ስኒ ዘይት ይበቃል፣ ሞክሪው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሽሮ። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሱፐርማርኬት የታሸገውን ማንሳት ነው። ሁለተኛው ሾላ ወይም ሰፈርሽ ካለ ባልትና ቤት በኪሎ መግዛት። ሦስተኛው አተሩን ራስሽ ገዝተሽ፣ ለሙያተኛ የእጅ ከፍለሽ ማዘጋጀትና ወፍጮ ቤት ማስፈጨት።

የታሸገው ለችኩል ሰው ነው። አንዴ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት፣ ድስት ውስጥ ግማሹ ከታች ተቀምጦ ከላይ ውሃ ሆኖ ቀረ። ሽሮ አልነበረም፣ ምን እንደነበር እስካሁን አላወቅኩም። ባልትና ቤት ይሻላል፤ ባለቤቷን ታውቂያታለሽ፣ ታሸቺዋለሽ፣ ቆንጠር አድርገሽ ትቀምሺዋለሽ። ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ጨው ገብቶበታል? ብዙ ጊዜ ሚጥን ሽሮም በርበሬም ሲፈጭ ጨው ይገባበታል። አንቺ ደግሞ ወጡ ላይ ትጨምሪያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚለው። ያ አንድ ሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚበላው ሁሉ። የእናትሽ ድርሻ ገና ወፍጮ ቤት እያለ ነው መቆጠር የሚጀምረው።

ለእናንተ ቤት ሦስተኛውን የምመርጠው ለዚህ ነው። ድፍን አተር ግዢ፣ መርካቶ እህል በረንዳ ወይም ሰፈርሽ ያለ እህል ቤት። ክክ አትግዢ። ጓያ ከተከካ በኋላ ከአተር መለየት ያስቸግራል። ድፍኑን ግን ዓይንሽ ይለየዋል፤ አተር ክብ ነው፣ ጓያ ጎኑ ተጠርቦ የሾለ ይመስላል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሰልላል፣ እና በአተር ዋጋ ጓያ ለመግዛት ምንም ምክንያት የለም። ከዚያ ሙያተኛዋ ታምሰዋለች፣ ታስከካዋለች፣ ትለቅመዋለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት እንደ ቤታችሁ ልማድ። ጨው የለም በያት። «ያለ ጨው?» ብላ ታፈጥብሻለች። ችግር የለም። ያለ ጨው ሲሆን ግን ቶሎ ሊበላሽ ስለሚችል ትንሽ ትንሽ አስፈጪ፣ በደንብ ይድረቅ።

በርበሬውም እንደዚሁ ነው። የማረቆ ነው ብለው የማያመጡልሽ ዛላ የለም፣ እሱን ተዪው። አንድ ሁለቱን ዛላ ገንጥለሽ ውስጡን እዪ። ከውጭ እንደ ደም ቀልቶ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ የያዘ አለ። ሻጋታው ሲፈጭ አይታይም፣ ጣዕሙም በቅመም ይሸፈናል። የሻገተ በርበሬ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ እሳትም አያጠፋውም። ዱቄት የማልገዛው ለዚህ ነው።

እንጀራ ላይ ግን አትድከሚ። ማቡካት፣ እርሾ መጠበቅ፣ ሊጡ ሲደርስ መብራት መሄድ። ግዢ። ሰፈር ውስጥ እቤቷ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ካለች ከሱቅ እሷን እመርጣለሁ፤ ሊጧን ማየት ይቻላል። ጀሶ ተቀላቅሎ ተያዘ የሚለውን ዜና ሁላችንም ሰምተናል። መጀመሪያ 3 እንጀራ ብቻ ግዢና አሳድሪው። የጤፍ እንጀራ በማግስቱም ይጠቀለላል። ሩዝ የበዛበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ማኛ ካልሆነ አትበይ፣ የምትከፍዪው ለንጣቱ ነው። ሰርገኛ ዋጋው ይቀላል፣ እኔ ጣዕሙንም እመርጠዋለሁ።

አትክልት ባጭሩ፦ ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት ከእሁድ ገበያ የሳምንቱን አንዴ። ጎመንና ቆስጣ ከጉሊት፣ በምትበሉበት ቀን። የተከተፈ ጎመን አልገዛም፤ ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ጣዕሙንም ጥቅሙንም ይዞት ይሄዳል። ከየት እንደመጣም ጠይቂ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው ቅጠል የሚጠጣው የከተማውን ቆሻሻ ውሃ ነው። እርግጥ ሁሉም «ከሆለታ ነው» ይሉሻል።

ተጨማሪ። ይህን ካነበቡ በኋላ አንድ የሳሪስ ሰው «ወፍጮ ቤቱንስ ረሳሽው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ ለብቻው ያለበት ቤት ሂጂ። አንድ ወፍጮ ብቻ ካለ ከፊትሽ ያለችው ሴት ምን እንደያዘች እዪ። እኔ አንዴ ከበርበሬ ቀጥሎ ገብቼ፣ ለሕፃን ገንፎ ያልኩት ዱቄት ቀልቶ ወጣ። ባለ ወፍጮው ወንድሜ ሳቀና «ትንሽ ነው እኮ» አለኝ። ልጄ ግን አንድ ማንኪያ ቀምሶ ከቤት አስወጣኝ። አሁን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወፍጮው ሲከፈት ነው የምደርሰው።