ከኤችጂ ቀጥሎ አርጂ ይሻላል ወይስ ኤምጂ? ደግሞ የቆረጥኩበት ሁሉ ነጭ እየሆነ ተቸገርኩ

ግራ ክንድ (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ? በጋንዳም ሞዴል (ከጃፓኑ የጋንዳም አኒሜሽን የተወሰዱ፣ በእጅ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ሮቦቶች) ገና ጀማሪ ነኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ኢንትሪ ግሬድ የሚባለውን፣ የጀማሪ ደረጃውን፣ አርኤክስ-78-2 የተባለ ሮቦት ነበር። እሱ በእጅ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይላቀቃል፣ መሣሪያ የሚባል ነገር አልፈለገም፤ በአንድ ማታ አለቀ። ልቤ ሞቀና ኤችጂ ጀመርኩ (ኤችጂ፣ አርጂ፣ ኤምጂ የሞዴሎቹ ደረጃዎች ናቸው)። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ክፍሎቹን ከራነሩ (ሁሉም ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም) የምቆርጠው በጥፍር መቁረጫ ነው። የቆረጥኩበት ሁሉ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ነጩ እግር ላይ አይታወቅም፤ ሰማያዊው ደረት ግን ኖራ የተረጨበት መስሏል።

ሁለተኛ፣ በግራ ትከሻው ውስጥ የሚገባውን ፖሊካፕ፣ ያችን ለስላሳ የመገጣጠሚያ ቀለበት፣ ገልብጬ ከትቼ ሁለቱን ግማሾች ቀጭ አድርጌ ዘጋኋቸው። አሁን ክንዱም አልገባ አለ፣ ትከሻውም አልከፈት አለ።

ሦስተኛ፣ ይሄን ስጨርስ ምን ልያዝ? አርጂና ኤምጂ ሥዕላቸውን ሳይ ሁለቱም ያምሩኛል። ልዩነታቸው ግን አልገባኝም።

ብርጭቆ ወረቀት፦
እንኳን ደህና መጣህ። የጥፍር መቁረጫውን ለጥፍርህ ተወው። ፕላስቲኩ የሚነጣው ቆሻሻ ነክቶት አይደለም፤ ስለተጨመቀና ስለተጎተተ ነው። ወፍራም ስለት ክፍሉን ከራነሩ ጋር የምታያይዘውን ቀጭን አንገት ቆርጦ ከመለየቱ በፊት ይጨፈልቃታል፣ ጭፍለቃውም ወደ ክፍሉ ውስጥ ይገባል።

ለሞዴል የተሠራ፣ ስለቱ ቀጭን የሆነ ኒፐር (መቁረጫ ጉጠት) ያዝ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ቁረጥ። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ብለህ፣ ከራነሩ በኩል ቁረጥና አንገቷን እንዳለች አስቀራት። ክፍሉ እጅህ ላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ሚሊ ያህል አስተርፈህ ሁለተኛውን ቁረጥ። የቀረችውን ጉብታ በካተር ስስ ስስ እያደረግህ ላጫት። በአንድ ምት ልጨርስ ካልክ ወይ ክፍሉ ይጎደጉዳል ወይ ጣትህ። ሁለቱም ደርሶብኛል።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፦ 400፣ 600፣ 800፣ 1000። ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ ይልማል። 400ውን ጠንክረህ አትጫነው፣ ጉብታዋን ብቻ ይንካ። ሰማያዊው ላይ የቀረውን ነጭ በጥፍርህ ጀርባ ጠንከር አድርገህ እሸው። ቀልድ አይደለም፣ ቀላሉ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ መጨረሻ ላይ ደብዛዛ ቶፕኮት (የመጨረሻ መከላከያ ሽፋን) ስትነፋበት አብዛኛው ይሸፈናል። ብቻ ብርሃን የሚያሳልፉትን ክፍሎች፣ ዓይኑንና የጨረር ሰይፉን፣ ሳትነፋ አውጣቸው። አለዚያ ጉም እንደለበሰ መስኮት ይሆናሉ።

ቀስ በል፦
ስለ ትከሻው። ካቻቢቴ እንዳታስገባ! ጠርዙን ትበላዋለህ።

ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበትን መስመር ዙሪያውን በጥፍርህ እየዳበስክ ሂድ። ብዙ ኪቶች ላይ ጥፍር የምትይዝበት ትንሽ ስንጥቅ ሆን ተብሎ ተትቷል። እዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ነገር አስገባና አትፈልቅቀው፤ ጠምዘዝ አድርገው። ግማሽ ሚሊ ሲከፈት ወደ ሌላው ጎን ዙር። እንደገና ተመለስ። ከአንድ ጎን ብቻ ከሳብከው የውስጧ ፒን ጎብጣ ትሰበራለች። ከሰለቸህ ተነስተህ ሂድና ተመለስ።

ለወደፊቱ፣ ያላመንክበትን ክፍል እስከ ግማሽ ብቻ ግፋው። ቀጭ የምትለዋን ድምፅ መመሪያውን ሁለቴ ካየህ በኋላ ስማት።

መደርደሪያዬ ሞላ፦
ሦስተኛውን እኔ ልመልስ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ፊደሎቹ የሚነግሩህ መጠኑንና ውስብስብነቱን ነው። አርኤክስ-78-2 በታሪኩ ውስጥ 18 ሜትር ቁመት አለው። ኤችጂና አርጂ የዚያ 1/144 ስለሆኑ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ኤምጂ 1/100 ነው፣ 18 ሴንቲ ሜትር። ፒጂ 1/60 ሲሆን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ፒጂን ለጊዜው እርሳው።

ኤምጂ በውስጡ አጽም አለው። መጀመሪያ አጽሙን ትሠራለህ፣ ከዚያ ጋሻውን (የውጭ ሽፋኑን) እንደ ልብስ ታለብሰዋለህ። ጉልበቱን ስታጥፈው በጋሻው ክፍተት የውስጡ ፒስተን ሲንቀሳቀስ ታያለህ። እኔ የተለከፍኩት በዚያች ነገር ነው። ክፍሉ ቢበዛም ተለቅ ተለቅ ስለሚል እጅ ውስጥ ይያዛል። አርጂ ያንኑ ዝርዝር በኤችጂ ቁመት ውስጥ ጠቅጥቆ ያቀርበዋል። ሲያልቅ የሚያምረው እሱ ነው። ስትሠራው ግን የሩዝ ፍሬ የምታክል ክፍል ወለል ላይ ትወድቅብሃለች፣ በጉልበትህ ትሄዳለህ። ስቲከሮቹ ያለ ወረንጦ አይነኩም።

ደግሞ ማንም የማይነግርህ ነገር አለ፦ ከፊደሉ በፊት ዓመቱን እይ። ኤምጂ የተጀመረው በ1995 ነው፣ አርጂ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመጀመሪያው የኤምጂ አርኤክስ-78-2 የ1995 ሥራ ሲሆን 3.0 የተባለው የ2013 ነው። በስም አንድ ናቸው፣ በእጅህ ስትይዛቸው ግን የ18 ዓመት ልዩነት ይሰማሃል። ኤችጂም እንደዚያው፤ ይኸው ሮቦት በ2001 ወጥቶ በ2015 እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ የኋለኛው ክርኑና ጉልበቱ በጣም ይተጣጠፋል። ስለዚህ ከአሮጌ ኤምጂ ይልቅ አዲስ ኤችጂ ሊያስደስትህ ይችላል።

አንተን ብሆን አዲስ ኤምጂ እይዝ ነበር።

ሰባተኛው ሌሊት፦
እኔ አልስማማም። @መደርደሪያዬ ሞላ አርጂን አስፈሪ አደረግከው። ሁለተኛ ሥራዬ አርጂ ነበር። ወረንጦ፣ ጥሩ መብራትና ነጭ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አንጥፌ ጨረስኩት። ፎጣው ላይ የወደቀ ክፍል አይነጥርም፣ አይጠፋምም።

እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አርጂዎች አጽማቸው አስቀድሞ ተያይዞ ስለሚመጣ፣ ሲያጣጥፉትና ሲዘረጉት ከከረሙ መገጣጠሚያው ይላላል። ለማቆም ከሆነ አርጂ፣ ለመጫወት ከሆነ ኤችጂ ወይም 30 ሚኒትስ ሚሽንስ የሚባለው ሌላ የሮቦት ሞዴል ዓይነት ይሻላል። የኋለኛው ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የአንዱን ክንድ ለሌላው እየቀያየርክ የራስህን ሮቦት ትፈጥራለህ። መቁረጥ ለመልመድም ደህና ነው።

የተሰነጠቀ ጭን፦
ወደፊት ጋሻው ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ማጥቆር ያምርሃል፣ ሁሉም ያምረዋል። ያኔ በቲነር የቀጠነ ቀለም መገጣጠሚያ አካባቢ አታፍስስ። ስሜን ያገኘሁት ከዚያ ነው። ማታ ቀባሁ፣ አማረ። ጠዋት ሳነሳው ጭኑ ለሁለት ተከፍሎ እጄ ላይ ቀረ። ቀለሙ ወደ ውስጥ ሰርጎ የተወጠረውን ፕላስቲክ ሰነጠቀው፤ ኤቢኤስ የሚባለው ዓይነት ላይ ደግሞ ይብሳል። ለጀማሪ ባለ 0.3 ሚሊ እርሳስ ይበቃል። ከተሳሳትክ በላጲስ ይለቃል። ነጭ ጋሻ ላይ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ተጠቀም፣ ጥቁር የልጅ ሥዕል ያስመስለዋል።

ግራ ክንድ (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ! ትከሻው ተከፈተ። ስንጥቋ ከኋላ፣ ብብቱ ሥር ነበረች። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ፒኗ ትንሽ ጎበጥ ብላለች እንጂ አልተሰበረችም። ፖሊካፑን አዙሬ ክንዱን ስገፋው ቀጭ አለ።

ደረቱን በጥፍሬ አሸሁት። ከአምስቱ ነጥቦች ሦስቱ ጠፉ፣ ሁለቱን ቶፕኮት ይጠብቃቸዋል። የሚቀጥለው ኤምጂ 3.0 ይሁን ብያለሁ። @ሰባተኛው ሌሊት አትቀየመኝ፣ ፎጣህን ግን ወስጃለሁ።

ሰባተኛው ሌሊት፦
አልቀየምም፣ አርጂውን በሦስተኛው ትመጣበታለህ። ነጭ ፎጣ መሆኑን እንዳትረሳ፤ ለነጭ ክፍሎች ደግሞ ጥቁር።