«ጎበዝ ተማሪን የመምህር ፊት አይጥለውም» ተባልን

የታቦር ልጅ፦ ሀዋሳ ላይ በተደረገ አንድ ውይይት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ማይክ ይዘው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጎበዝ ተማሪን የመምህር ፊት አይጥለውም።» አዳራሹም አጨበጨበ! ሴሚስተሩን ሙሉ ጠፍቶ ከርሞ ለሚድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሦስት ቻፕተር ስላይድ በቴሌግራም የሚለቅ መምህርስ? ችግሩ ፊት ብቻ ነው?

ቾክ፦ እኔም መምህር ነኝ፤ እውነታቸውን ነው። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ውጤት ረሳችሁት? ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከወደቁትም መርጠው በሪሚዲያል፣ በማካካሻ ትምህርት ማለት ነው፣ አስገቡልን።

የታቦር ልጅ፦ «ጎበዝ» ያሉት ላይ እንቆይ። ጎበዝ የሚኮነው ተጠይቆ እኮ ነው! እኛ ክፍል አንዷ እጇን አወጣች፤ «ይሄን ሳታውቂ ማን እዚህ አደረሰሽ?» ተብላ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ማንም ትንፍሽ አላለ። ያው ጥያቄ ፋይናል ላይ መጣ፣ ሁላችንም ተላጨን።

ሐይቅ ዳር፦ ጎበዝ ከሆነች ላይብረሪ ገብታ አትቸክልም ነበር?

ባለ ጋውን፦ ላይብረሪ ግሬድ አይሰጥማ! ሲ ማይነስ ሲመጣብኝ መምህሩን ወረቀቴን ልይ አልኩት። «ማየት መብትህ ነው፤ ሲታረም ግን ሊቀንስም ይችላል» አለኝ። ተመልሼ ወጣሁ።

ቾክ፦ ለዲፓርትመንት ማመልከት ነበረብህ።

ባለ ጋውን፦ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ከሱ ጋር አንድ ቢሮ ነው የሚቀመጠው።

አዳሜ፦ ጎበዝ ማየት የፈለገ አዳማ ይምጣ። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲያችን የራሱን መግቢያ ፈትኖ ነው የሚቀበለው።

ሐይቅ ዳር፦ ጀመረ ደግሞ! መጀመሪያ ሙቀቱን ቻሉት።

አዳሜ፦ እናንተ ዓሣችሁን ብሉ።

ዝም አልልም፦ ኧረ ወደ ጉዳዩ! እኔን ያጠፋኝ ኮስታራው መምህር አይደለም፣ ፈገግተኛው ነው። ሳያስተምር ለሁሉም ኤ ረጨልን፣ መረቅነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተናው 50 ካልመጣ ዲግሪ የለም፤ የሱ ኮርስ ጥያቄዎች ሲመጡ በግምት አጠቆርኩ።

ቾክ፦ በ2015 ስለ ደመወዝ ሥራ ስናቆም የት ነበራችሁ? በባዶ ሆድ ፈገግታ ከየት ይመጣል?

የታቦር ልጅ፦ ደመወዙን የምንወስነው እኛ ነን እንዴ? ጎበዝ ደመወዝ አይጥለውም በሉና!

ቾክ፦ ስድብ ይቅር። ባለ ጋውን፣ ስምህንና ዲፓርትመንትህን በውስጥ ላክልኝ፤ ወረቀትህን እኔ አስወጣልሃለሁ።

ባለ ጋውን፦ ሞኝዎን ይፈልጉ መምህር! ሳልመረቅ ስሜን አልናገርም።